ክርና መርፌ፦ ለወዳጅ ዘመድ ሹራብ ለምትሠሩ የጥያቄና መልስ ዓምድ

ኅዳር ገብቶ የጦሳ ተራራ ብርድ ወደ ደሴ መውረድ ሲጀምር የሚደርሱን ደብዳቤዎች መልካቸውን ይለውጣሉ። ክረምት ላይ «ክር የት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ አሁን «ለገና ለማን ምን ልሥራ፣ የሠራሁትስ ለምን ተበላሸ?» ሆኗል። ከደሴና ከኮምቦልቻ ከመጡት ውስጥ ሌሎችንም ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠናል። በመልሶቹ ውስጥ «ዐይን» ያልነው በመርፌው ላይ የምትቀመጠውን አንዷን የክር ቀለበት ነው። ፊቷ ለስላሳ ሆና የምትታየውን «ቀጥታ»፣ ጉብ ብላ የምትታየውን «ግልብጥ» ብለናል።

ጥያቄ፦ ለታላቅ ወንድሜ ለገና የምሰጠው ኮፍያ በሁለት መርፌ ሠራሁ። ያስተማረችኝ ጎረቤታችን «96 ዐይን ጀምሪ፣ መርፌሽ ቁጥር 8 ይሁን» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። ኮፍያው ግን ለወንድሜ ቀርቶ ለእንስራም ይሰፋል። የሷ ልክ ሲመጣ የኔ ለምን ሰፋ? (ሰ.፣ ከደሴ ሆጤ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቆጠራሽ ልክ ነው፤ ያሳሳተሽ «ቁጥር 8» ነው። መርፌ ላይ የሚጻፈው ቁጥር እንደ አገሩ ይለያያል። በሚሊ ሜትር ከሆነ 8 ማለት 8 ሚ.ሜ ውፍረት ነው። በአሜሪካኖች ቁጥር 8 የሚባለው 5 ሚ.ሜ ሲሆን፣ በድሮው የእንግሊዞች ቁጥር 8 ደግሞ 4 ሚ.ሜ ነው። የእንግሊዞቹ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ስለሆነ ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራል። ጎረቤትሽ ከእናቷ የወረሰችው መርፌና አንቺ ከፒያሳ የገዛሽው አንድ ቁጥር ተጽፎባቸው ውፍረታቸው እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ለማወቅ፣ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በመርፌው ዙሪያ አንድ ጊዜ አጥብቀሽ ጠምጥሚ፤ ጫፉ የደረሰበት ላይ ምልክት አድርገሽ ዘርግተሽ በማስመሪያ ለኪው። ወደ 12.5 ሚ.ሜ ከሆነ መርፌሽ 4 ነው፣ ወደ 15.5 ከሆነ 5 ነው፣ 25 ከደረሰ 8 ነው።

መርፌው አንድ ቢሆንም እጅ ይለያያል። አንዷ ክሩን ወጥራ ትይዛለች፣ ሌላዋ ታላላለች። ስለዚህ የሰው ቁጥር ከመውሰድሽ በፊት ናሙና ሥሪ። 30 ዐይን ጀምረሽ 12 ሴ.ሜ ያህል ሥሪና አጥበሽ አድርቂው፤ ከዚያ ጠርዙን ትተሽ መሐሉ ላይ በ10 ሴ.ሜ ውስጥ ስንት ዐይን እንዳለ ቁጠሪ። 20 ከሆነ 96 ዐይን 48 ሴ.ሜ ይሆናል። 18 ከሆነ ግን 53 ሴ.ሜ ይደርሳል። በናሙናው ላይ የሁለት ዐይን ልዩነት ኮፍያው ላይ 5 ሴ.ሜ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሥራ ብዙዎቻችሁ እንደምትዘሉት እናውቃለን። ወደዚህ ዓምድ ከሚመጣው እሮሮ አብዛኛውም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

ሹራብ ስለሚለጠጥ ኮፍያ ከጭንቅላቱ በአንድ አሥረኛ ማነስ አለበት፤ 54 ሴ.ሜ ለሆነ ጭንቅላት 48 ወይም 49፣ ለ58 ደግሞ 52 በቂ ነው። ወንድምሽ ሳያውቅ ለመለካት የሚያደርገውን የሹራብ ኮፍያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ወርዱን በሁለት አባዢው። ይህ የተለጠጠ ሳይሆን የኮፍያው የራሱ ልክ ስለሆነ እንደገና እንዳትቀንሺለት። የምትለኪው የማይለጠጥ የጨርቅ ቆብ ከሆነ ግን የውስጥ ዙሪያውን ለክተሽ አንድ አሥረኛውን ቀንሺ።

በናሙናሽ 20 ዐይን ከወጣና የኮፍያው ልክ 48 ሴ.ሜ ከሆነ 98 ዐይን ጀምሪ፤ ሁለቱ ለስፌቱ ናቸው። ጠርዙን በግማሽ ሚ.ሜ በቀጠነ መርፌ፣ ሁለት ቀጥታ ሁለት ግልብጥ እያልሽ፣ በሁለት ቀጥታ ጀምረሽ በሁለት ቀጥታ በመጨረስ 5 ሴ.ሜ ሥሪ። ስፌቱ ከየጎኑ አንዳንድ ዐይን ሲበላ መሐል ላይ ሁለት ቀጥታ ስለሚቀር መጋጠሚያው አይታወቅም። ከዚያ ከጀመርሽበት ጠርዝ 15 ሴ.ሜ እስኪሆን በለስላሳው (አንዱን መስመር ቀጥታ፣ የመልሱን ግልብጥ) ሥሪና መቀነስ ጀምሪ፦ አንድ ዐይን፣ ቀጥሎ 10 ቀጥታና ሁለቱን አንድ ላይ (ይህን 8 ጊዜ)፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዐይን። 90 ይቀርሻል። የመልሱን መስመር ሳትቀንሺ በግልብጥ ተመለሺ። በሚቀጥለው የቅነሳ መስመር 9 ቀጥታና ሁለቱን አንድ ላይ፣ ከዚያ 8 እያልሽ ስትወርጂ ከስድስት ቅነሳ በኋላ 50 ይቀራል። ከዚህ በኋላ በየመስመሩ፣ በግልብጡም ጭምር፣ ቀንሺ። 10 ሲቀር ክሩን በ10ሩም ውስጥ አሳልፈሽ ጎትተሽ ጎኑን ስፊው። ቁመቱ 21 ሴ.ሜ ገደማ ይመጣል። ጫፉ ሾሎ ከቆመ ቅነሳው ቀስ ብሏል፤ ከ50 ሳይሆን ከ66 ጀምሮ በየመስመሩ ቀንሺ።

የሰፋውን ኮፍያ በፈላ ውሃ ለማጥበብ እንዳትሞክሪ። የመደብሩ ክር ብዙ ጊዜ አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ አይጠብም፤ ይልቁንም ይልፈሰፈሳል። ፍቺውና እንደገና ሥሪው።

ጥያቄ፦ እህቴ ደሴ ወልዳለች። ለአራስ ጥየቃ ስሄድ ለሕፃኑ ኮፍያና ብርድ ልብስ ሠርቼ ልወስድ ፈለግሁ። አንዷ «ሱፍ ይሻላል» ትለኛለች፣ ሌላዋ «ሱፍ ያሳክካል»። ባለ ሱቁ ደግሞ ሁሉንም «ሱፍ» እያለ ነው የሚሸጠው። (መ.፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በሱቅ «ሱፍ» የሚባለው አብዛኛው የበግ ጠጉር አይደለም። መለያው ወረቀት ከጠፋ የጣት ርዝመት ክር ቆርጠሽ በሳህን ላይ፣ በወረንጦ ይዘሽ ለኩሺው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሆነ አክሪሊክ ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ነው። ጠጉር ጠጉር ሸትቶ ከእሳቱ ሲርቅ የሚጠፋና አመዱ በጣት የሚደቅ ከሆነ እውነተኛ ሱፍ ነው። እንደ ወረቀት ሸትቶ ቦግ ብሎ ነድዶ ግራጫ አመድ ከተወ ጥጥ ነው።

ለኮፍያው ለስላሳ አክሪሊክ ይሆናል፤ በየቀኑ ቢታጠብም አይጠብም፣ ቶሎም ይደርቃል። ለብርድ ልብሱ ግን ጥጥ ወይም ጥጥ የበዛበት ቅልቅል እንመርጣለን። በደሴ ብርድ አራስ ያለችበት ክፍል ከሰል አይጠፋውም፤ አክሪሊክ ደግሞ ፍም ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ብርድ ልብሱ 80 በ80 ሴ.ሜ ይበቃዋል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን የራስ ዙሪያው 35 ሴ.ሜ ያህል ነው፤ በሦስት ወሩ 40 ይደርሳል። አንቺ ጨርሰሽ እስክትደርሺ ስለሚያድግ ለ40ው ሥሪ፤ ኮፍያው 36 ሴ.ሜ ዙሪያና 15 ሴ.ሜ ቁመት ይኑረው። በ10 ሴ.ሜ 22 ዐይን በሚያወጣ ቀጭን ክር ከሆነ 80 ዐይን ማለት ነው።

አንገት ሥር የሚታሰር ገመድ፣ የሚነቀል ቁልፍና ጫፉ ላይ የሚንጠለጠል የክር ኳስ ይቅር። ቀዳዳ የበዛበት ጥለትም ለብርድ ልብስ አይሆንም፤ የሕፃን ጣት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ክር ከተጠመጠመበት ደሙን ያግደዋል። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያውን እንዲያወልቁለት ለእናቱ ንገሪያት። ክሩም ሆነ የተሠራው ልብስ ናፍታሊን ካለበት ሣጥን የወጣ ከሆነ ደግሞ ለአራስ ልጅ እንዳይውል፤ ትነቱ የሕፃናትን ደም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ የሠራሁት ስካርፍ ተጠቅልሎ ቱቦ ሆነ። በካውያ ብተኩሰው ይስተካከላል? (አንተነህ ነኝ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አይስተካከልም፤ ጭራሽ ታበላሸዋለህ። አክሪሊክ ካውያ ሲነካው ያብረቀርቅና ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ተመልሶም አይነሳም። መጠቅለሉ የእጅህ ጥፋት አይደለም። አንዱን መስመር ቀጥታ፣ ሌላውን ግልብጥ እያልክ ስትሠራ ሁሉም ቀጥታ በአንድ ፊት፣ ሁሉም ግልብጥ በሌላው ይሰበሰባል። የሁለቱ ፊት ውጥረት ስለማይመጣጠን ጎንና ጎኑ ወደ ኋላ፣ ላይና ታቹ ወደ ፊት ይጠቀለላል። የተሠራውን ለማዳን ለሁለት አጥፈህ በርዝመቱ ስፋው፤ ደርብ ስካርፍ ይወጣዋል፣ ለደሴም ይስማማል። ሌላ ስትሠራ ሁሉንም መስመር በቀጥታ ብቻ ሂድ ወይም በየመስመሩ ውስጥ አንድ ዐይን ቀጥታ አንድ ዐይን ግልብጥ አድርገው። 20 ሴ.ሜ ወርድና 160 ሴ.ሜ ርዝመት ላለው ስካርፍ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ከ150 እስከ 200 ግራም ይበቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ ክር ተወዷል። ከሰልባጅ ተራ የሹራብ ልብስ ገዝቼ እየፈታሁ ልሠራበት ነበር፤ የመጀመሪያው ግን ክሩ በየስንዝሩ እየተቆራረጠ መና ቀረ። (ፋ.፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የልብሱ ምርጫ ነው። ሳትገዢ ልብሱን ገልብጠሽ የጎን ስፌቱን እዪ። ሁለት የተጠናቀቁ ጠርዞች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ሰንሰለት መሰል ክር ከተያያዙ ይፈታል። ጠርዙ ተቆርጦ፣ በላዩ ላይ የዚግዛግ ክር ተሰፍቶበት ከሆነ ግን እያንዳንዱ መስመር ጎኑ ላይ ተቆርጧል ማለት ነውና ተዪው። ሁለተኛ፣ ክርን፣ ብብትና አንገት ላይ የተቋጠረ እንክብል ወይም ሳሳ ያለ ቦታ መኖሩን ፈትሺ። ሦስተኛ፣ ታጥቦ ደንድኖ እንደ ብርድ ልብስ ከሆነ ክሩ ተያይዟል፤ አይላቀቅም። የሚሻለው ሰፊ የወንድ ልብስ ነው፤ ክሩ ብዙ፣ ስፌቱም ጥቂት ይሆናል።

ለመፍታት መጀመሪያ የሁለቱን እጅና የሁለቱን ጎን ስፌት በትንሽ መቀስ ለያዪ። የልብሱን ሳይሆን የስፌቱን ክር መቁረጥሽን እርግጠኛ ሁኚ። ቀጥሎ ከላይ፣ ከአንገት ወይም ከትከሻ በኩል ጀምረሽ ጎትቺ፤ ከታች ከጀመርሽ ክሩ በየመስመሩ ይተበተብብሻል። የምትፈቺውን በወንበር መደገፊያ ላይ እየጠመጠምሽ ትልቅ ቀለበት አድርጊው፤ አራት ቦታ በሌላ ክር ላላ አድርገሽ እሰሪው። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈሽ፣ ሳታሺ ጨምቀሽ፣ ከታች ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነገር አንጠልጥለሽበት ጥላ ላይ አድርቂው። ጥምዝምዙ የሚወጣው በዚህ ነው። ጥምዝምዙ ሳይወጣ ከሠራሽበት ዐይኑ ጎርበጥበጥ ይላል፤ ናሙናሽም ይዋሻል፣ ልብሱ ሲታጠብ ልኩን ይለውጣልና።

ጥያቄ፦ ለአጎቴ ለአረፋ የሚሰገድበት ነጭ ኮፍያ በኪሮሽ እየሠራሁ ነው። ከላይ ያለው ክብ መጀመሪያ እንደ ሳህን ጎደጎደ፣ ፈትቼ ስሠራው ደግሞ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማደደ። (ዘ.፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ መጀመሪያ ጭማሪው አንሶሽ ነበር፣ ቀጥሎ አበዛሽው። ክሩን አንዴ በኪሮሹ ላይ ጠምጥመሽ የምትሠሪው ረጅሙ ዐይን ከሆነ በ12 ጀምረሽ በየዙሩ 12 ጨምሪ፦ 12፣ 24፣ 36፣ 48 እያለ ይሄዳል። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ዐይን ሁለት፣ በሦስተኛው በየሁለተኛው ዐይን፣ በአራተኛው በየሦስተኛው ሁለት ትሠሪያለሽ። በአጭሩ ዐይን ከሆነ ጭማሪው በየዙሩ 6 ብቻ ነው፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ክቡ በየዙሩ የሚሰፋው ጥቂት ነው።

ጭማሪ የት ላይ እንደሚቆም ለማወቅ የራሱን ዙሪያ ለ3.14 አካፍዪ። 57 ሴ.ሜ ከሆነ ክቡ 18 ሴ.ሜ ወርድ ሲኖረው መጨመር ትተሽ ቀጥ ብለሽ 7 ወይም 8 ሴ.ሜ ውረጂ። የጥጥ ክር እንደ ሹራብ ስለማይለጠጥ እዚህ ላይ አንድ አሥረኛ አይቀነስም። የፊቱ ጠርዝ ከፀጉሩ መነሻ በታች መውረድ የለበትም፤ ሱጁድ ሲወርድ ግንባሩ መሬት መንካት አለበትና። የክሩን ጫፎች በዐይኖቹ ውስጥ ደብቀሽ ከጨረስሽ በኋላ ጥቂት ስታርች በውሃ በጥብጠሽ አስነክሪው፤ ዙሪያው 57 በሆነ ድስት ላይ ደፍተሽ አድርቂው። የስኳር ውሃ የሚያደርጉ አሉ፤ ያጠነክራል፣ ግን ጉንዳን ይጠራል።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ከራሳችን በጎች ጠጉር ፈትዬ ካልሲ ሠራሁለት። አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃ ቢታጠብ ለልጅ እንኳን የማይሆን አነሰ። (ከቦሩ ሜዳ)

መልስ፦ እናታችን፣ የበግ ጠጉር ላዩ ጥቃቅን ቅርፊት አለው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ማሸት አንድ ላይ ሲመጡ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ልብሱ ይደነድናል። ከዚያ ወዲያ አይመለስም፤ አይልፉ። ካልሲው እንዳለ አይጣል፦ የደነደነ ሱፍ ቢቆረጥም ስለማይተረተር በባለቤትዎ ጫማ ልክ ቆርጠው የጫማ ውስጥ ንጣፍ ያድርጉላቸው፤ ለብርድ ከካልሲውም አያንስም። ለሌላ ጊዜ ለብ ባለ ውሃ ያጥቡት፣ የማጠቢያውና የማለቅለቂያው ውሃ ሙቀት እኩል ይሁን፣ አይሹት፣ አይጠምዝዙት። በፎጣ ጠቅልለው ተጭነው ውሃውን ካወጡ በኋላ አስተኝተው ያድርቁት። ውሃ የጠጣ ሹራብ ገመድ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይረዝማል። ለስጦታ ከሰጡ ይህንኑ በቃል ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ ተቀባዩ ካላወቀ በመጀመሪያው እጥበት ያልቃል።

ጥያቄ፦ ክር አለቀብኝ። ከዚያው ሱቅ፣ ያንኑ ቀለም ገዛሁ፤ ከሠራሁት ጋር ግን መስመር ሠርቶ ይታያል። (ት.፣ ከደሴ)

መልስ፦ መለያው ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የምድብ ቁጥር አለ፤ አንዳንዱ «ሎት» ይለዋል። በአንድ ጊዜ የተነከረ ክር ነው አንድ ምድብ የሚይዘው፤ ምድቡ ከተለያየ ቀለሙ ይለያል። አሁን የመጨረሻዎቹን 10 መስመሮች ፍቺና ሁለት መስመር በአሮጌው፣ ሁለት በአዲሱ እያፈራረቅሽ ሥሪ፤ የሰው ዓይን ልዩነቱን አይይዘውም። ወይም አዲሱን ለጠርዝና ለእጅጌ ጫፍ ብቻ አውዪው። ስትገዢ መጀመሪያውኑ አንድ ጥቅል ትርፍ መያዝ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ ለገና ሙሉ ሹራብ እንድሠራለት ጠየቀኝ። አሁን ኅዳር አጋማሽ ነው። ከሥራ መልስ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል አገኛለሁ። ይደርሳል? (ሕ.፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እናስላው። በ10 ሴ.ሜ 20 ዐይንና 26 መስመር በሚወጣ ክር፣ ደረቱ 110 ሴ.ሜ የሆነ የወንድ ሹራብ ፊትና ጀርባው 220 ዐይን ነው፤ 65 ሴ.ሜ ቁመቱ 169 መስመር። ይህ ብቻ 37,000 ዐይን ያህል ነው። ሁለቱ እጅጌዎች ሌላ 18,000 ገደማ ይጨምራሉ፤ ጠቅላላው 55,000 ይሆናል። በደቂቃ 25 ዐይን የምትሠሪ ከሆነ 37 ሰዓት ያህል፣ ማለትም 25 ምሽት ይፈጃል። በደቂቃ 15 ብቻ ከሆነ 61 ሰዓት፣ ከ40 ምሽት በላይ። ፍጥነትሽን ለማወቅ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሠርተሽ ቁጠሪ። ስፌቱ ሌላ ሁለትና ሦስት ምሽት ይወስዳል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ክሩ ደግሞ ከ600 እስከ 700 ግራም።

እስከ ታኅሣሥ 29 ስድስት ሳምንት ገደማ አለሽ። በደቂቃ 25 የምትደርሺ ከሆነ ጀምሪ፤ በ15 የምትሄጂ ከሆነ ግን ጨርሶ አይመችም፣ የመጨረሻው ሳምንት ጥድፊያ እጅጌ ላይ ይታያል። ሰደርያ ሥሪለት። እጅጌው ሲቀር ከሥራው ሲሦው ይቀንሳል፣ ክሩም ወደ 400 ግራም ይወርዳል፤ ለኮምቦልቻ አየርም ይበቃዋል፣ ደሴ ሲወጣ ከኮት ሥር ይለብሰዋል። ከደረቱ ልክ ላይ 8 ሴ.ሜ ጨምሪ፤ በሸሚዝ ላይ የሚለበስ ነውና። የብብቱን ክፍት ከትከሻው ወደ ታች ከ24 ሴ.ሜ አታሳንሺው።